ጥጡ ሮዝ ሲሆን

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ለሹፌሩ ሙሉ ልብስ ለካሁ። እንደ ሁልጊዜው። ሌላ ምንም የለም።

አይ... አለ። ሹፌሩን አንገቱን ልለካ ሜትሩን ሳዞር ሸሸኝ። ወደኋላ ማለቱን ራሱም ያወቀው አይመስለኝም፤ ዓይኑ ግን እጄ ላይ ነበር። "ጋሽ ዝም፣ ይሄ ነገር... ይጋባል እንዴ?" አፌ ስፒል ይዟል። ራሴን ወዘወዝኩ። አይጋባም ማለቴ ነው። በምን አውቄ? ሁለት ወር ሆነው። መጀመሪያ በጣቶቼ መሀል ውሃ የቋጠረ ብጉር ወጣ፣ አሁን እስከ መዳፌ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል። ሲበላኝ ሥራ አያሠራም።

ሰፈሩ "ጋሽ ዝም" ይለኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ስፒል በከንፈሬ ይዤ ስሠራ፣ በአፌ ጥግ "እህ" ከማለት ሌላ ምን ልበል? ይሄን ደብተርም የያዝኩት ለዚህ ይመስለኛል። የዋጥኩት ወሬ አንድ ቦታ መውጣት አለበት።

ከሥራ ስወጣ ልጄ ቤት ጎራ አልኩ። ሁለት በር ነው የሚለየን። ድቡሼ ሦስት ወር ሞላት። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። እጄን ዘረጋሁ። "እንዳትቀሰቅሳት አባዬ" አለችኝ ልጄ። ድቡሼ ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ከንፈሬ አብጦ አደረ። ሹሟ "ንብ ስመህ ነው የመጣኸው?" አለችኝ። ሹሟ ባለቤቴ ናት። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች እንደዚያ ነው የምላት።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

መላ ያልሰጠኝ ሰው የለም። ሹሟ ሎሚ ቀባችኝ። ጣሪያ ነካሁ። ልብስ ተኳሹ "በልብስ ሳሙና በብሩሽ ፈትገው፣ ቆሻሻው ይውጣ" አለ። ፈተግኩት። ጎረቤት አልኮል አመጣ። ፋርማሲ ሄድኩ፣ አንድ ቅባት። ሦስት ቀን ጥሩ ሆነ፣ ከዚያ ብሶ መጣ። ሌላ ቅባት፣ የጽጌረዳ ሽታ ያለው። ሲያቃጥልህ እየሠራ ነው ማለት ነው አሉኝ። አመንኩ። እንግዲያው ይሄ ሁሉ ሌት ተቀን ሲሠራ ነው የከረመው...

ሌላም አለ። እምብርቴ ስር አንድ ቀይ ክብ፣ የሳንቲም ያህል። ከጆሮዬ ጀርባ ደግሞ ሽፍታ። ለምን እዚያ? በሽታ ቦታ ይመርጣል እንዴ?

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ሦስት ቀን ሞከርኩ። መርፌው አይሰማኝም። ጓንቱን ሳወልቅ እጄ በላብ ርሶ፣ ነጥቶ፣ የታጠበ ልብስ መስሏል። ዛሬ ትቼው በባዶ እጄ ሰፋሁ። ከአውራ ጣቴ ስንጥቅ ደም ወጥቶ ነጭ ሸሚዝ ላይ ነጠበ። የደንበኛ ሸሚዝ። በቀዝቃዛ ውሃ አስለቀቅኩት። ማንም አላየም። እኔ ግን አየሁ።

ልጄ ዛሬ በግልጽ ነገረችኝ። "እጅህ እስኪድን ነው አባዬ። እባክህ እንዳትቀየመኝ።" አልተቀየምኩም አልኳት። ተቀይሜያለሁ። እሷን ሳይሆን እጄን።

ስንቱን ሰው በዚህ እጅ ለክቻለሁ። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን... የራሴን የልጅ ልጅ ክብደት ግን አላውቅም።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሹሟ እየጎተተች የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ቀጠሮ ስንይዝ "ቤት ያለውን ቅባት ሁሉ ይዘው ይምጡ" ተብለን ነበር። በፌስታል ይዘን ሄድን። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አሥራ አንድ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ በአንድ እጅ ላይ?"

"በሁለት" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ እጄን ያዘች። ያለ ጓንት። ገልብጣ፣ ጣቶቼን ፈልቅቃ፣ በአጉሊ መነጽር አየች። ከሹሟ ሌላ ሰው እጄን ከያዘኝ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። አፌ ውስጥ ስፒል ባይኖርም መናገር አቃተኝ።

"የሚጋባ አይደለም" አለች። ሹሟ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

ብዙ ነገር አስረዳችኝ። ያልረሳሁትን ልጻፍ። ከላይ ያለው ቆዳ፣ ያ ሁሉን የሚከለክለው፣ ከወረቀት የሳሳ ነው። እርጥበቴን አያስወጣም፣ ባዕድ አያስገባም። በዚያ ስስ ነገር ነው ስድሳ ዓመት ፀሐይና አቧራ ውስጥ የኖርኩት። እኔ ደግሞ በሎሚ፣ በአልኮልና በብሩሽ አፈረስኩት። "ቆዳዎ አልሰነፈም ጋሼ። ሥራውን አብዝቶ ነው። የሆነ ነገር ጠላት መስሎት እየተከላከለልዎት ነው።" እየተከላከለልኝ... እኔ ስሰድበው የከረምኩት።

ጠላቱን ለማወቅ ጀርባዬ ላይ ሠላሳ ነገር ለጠፈችብኝ። ጎማ፣ ሽቶ፣ ሙጫ፣ የጨርቅ ቀለም፣ የብረት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ከምስር ፍሬ ብዙም በማይበልጥ ክብ ውስጥ። በፕላስተር አሸገችው፣ በብዕር ቁጥር ጻፈችበት። እስከ ረቡዕ ውሃ እንዳይነካው፣ እንዳያልበኝ፣ እንዳላክከው። አሥራ አንዱን ቅባት ወሰደችብኝ። በምትኩ ሽታ የሌለው አንድ ቅባት፣ ደግሞ ለዐሥር ቀን ብቻ የሚቀባ መድኃኒት።

"የጨርቁ ቀለም ከሆነስ?" ብዬ ጠየቅኳት። ከሆነ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። "እናያለን" አለች።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ከግራ ትከሻዬ በታች አንድ ቦታ ይበላኛል። አንድ ቦታ ብቻ። ሌላው ጀርባዬ ዝም ብሏል። አላየውም፣ አልደርስበትም። እሱ ግን እዚያ በጨለማ አንድ ነገር አግኝቷል። ምን አገኘህ? ንገረኝ እስቲ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ፕላስተሩ ተነሳ። ገና ነው፣ ዓርብ እንደገና ይታያል ተባልኩ። ቆዳ አንዳንዴ ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው። ሹሟ ቤት ስንደርስ ሸሚዜን ገልጣ "አሥራ ሰባት ቁጥር ቀልቷል" አለች። አሥራ ሰባት ምንድን ነው? አታውቅም። እኔም አላውቅም። ቀኑን ሙሉ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት ስል ዋልኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ኒኬል ነው። ቀለሙ አይደለም። ጨርቁ አይደለም።

ሐኪሟ ጀርባዬን በስልክ አንስታ አሳየችኝ። ሃያ ዘጠኙ ቦታ ምንም የለም። አሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሯል። ኒኬል ነጭ ብረት ነው፣ ብዙ የሚያብረቀርቅ ነገር ውስጥ አለ፣ ላብና ምራቅ ያሟሟዋል አለችኝ። ከዚያ፣

"ልብስ ሲሰፉ ስፒሉን የት ነው የሚይዙት?"

ሹሟ መጀመሪያ ሳቀች። እኔ ከንፈሬን ነካሁ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ምንም ሳይለኝ?"

"ሠላሳ አራት ዓመት ቆዳዎ ታገሰው። አንድ ቀን ግን ለየው። አንዴ ከለየው አይረሳም።"

"መቼም?"

"ዕድሜ ልክ።"

እስካሁን ከራሴ አልወጣም። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ከሠላሳ ነገር መሀል፣ በጀርባዬ፣ በጨለማ፣ ያንን አንዱን መርጦ አወጣው። ሱፍ ነክቼ ጥሩውን ከመናኛው እለያለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ኮርቻለሁ። ለካ የሚለየው እኔ አይደለሁም። እሱ ነው። ምን ዓይነት ነገር ተሸክሜ ነው የኖርኩት?

ስንወጣ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ጥጥ ላይ ጠብ አድርጎ ብረቱን ማሸት ነው። ኒኬል ካለው ጥጡ ሮዝ ይሆናል።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ሱቁን ዘግቼ ስፈትሽ ዋልኩ። ስፒሎቹ ሮዝ። የመቀሱ እጀታ ሮዝ። መርፌ ስገፋ መሀል ጣቴ ላይ የማጠልቃት የብረት ቆብ፣ ኡፍ፣ እሷማ ደም መሰለች። ከዚያ ወደ ራሴ ዞርኩ። የቀበቶዬ ዘለበት ሮዝ። እምብርቴ ስር ያለው ክብ ማለት ነው። የመነጽሬ ዘንግ ሮዝ። ያ ደግሞ ከጆሮዬ ጀርባ ያለው። የስፌት መኪናዬን መዘውር ስነካ ግን ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሳምኩት ማለት ይቻላል።

ቆዳዬ እያንዳንዷን ቦታ ምልክት አድርጎባት ነበር። እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ብሎ። ማንበብ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ቀረሁ፣ ጥጡን በእጄ እንደያዝኩ። ፍርሃት ነው ልበል? አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

መቀሱን በጨርቅ ጠቀለልኩት። ለጣቴ ከጨርቅ ቆብ ሰፋሁ። ለስፒሎቹ ትንሽ ትራስ ሠርቼ አንጓዬ ላይ አሰርኩ፣ ባለ ፕላስቲክ ጭንቅላት ስፒል ገዛሁ፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው የምይዘው። ቀበቶ በቃኝ። ሱሪ የሚይዝ የትከሻ ማንጠልጠያ አለ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

እጄ ግን አልሰማም ብሏል። ስፒል ባነሳ ቁጥር ወደ አፌ ይሄዳል። ዛሬ ቆጠርኩ፣ ከምሳ በፊት ብቻ ሃያ ስድስት ጊዜ።

አፌ ደግሞ ባዶ ሲሆን... ማውራት ጀመረ። ሹፌሩን ልብሱን ስሞክርለት ስለ መንገዱ ጠየቅኩት፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ስለ ፖለቲካ አስተያየቴን ሰጠሁት። ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ዞሮ አየኝ። "ጋሽ ዝም፣ ደህና ነህ?" ማታ ለሹሟ ስነግራት፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ፣ "ስፒሉ ይመለስልኝ" አለች።

አንገቱን ስለካ አልሸሸም። ልብ ብያለሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

የመዳፌ ቆዳ እየተላጠ ነው። ከስሩ የሚወጣው ለስላሳ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ፣ የሕፃን የመሰለ። ሐኪሟ ቆዳ በወር ገደማ ከስር እየታደሰ ይወጣል ብላኝ ነበር። ይሄን ደብተር ጥቅምት ላይ ስጀምር የነበረው እጅ ዛሬ የለም። ተራግፏል። ብዕሩን የያዘው ሌላ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቅ ነክቻለሁ። ሲያልቅ ጥፌ አውቃለሁ። ራሱን የሚጥፍ ጨርቅ ግን አላየሁም። የተጣፈበት እንኳ አይታወቅም። አውራ ጣቴ ላይ ደም የወጣበትን ስንጥቅ ፈለግኩ። የት ነበር? የማልረሳው እኔ ነኝ እንጂ እሱ ትቶታል።

ጠዋትና ማታ ያቺን ሽታ የሌላትን ቅባት ብቻ። ሌላ ምንም። ቆዳን መንከባከብ ማለት በአብዛኛው አለመነካካት ነው ለካ። ይሄን ለማወቅ አሥራ አንድ ቅባት ፈጀሁ።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ያዝኳት።

ልጄ ራሷ መጣች። መዳፌን ዘርግቼ እንዳሳያት እንኳ አልጠበቀችም። "በል እንካ አባዬ፣ ከብዳኛለች።" ዝም ብላ ሰጠችኝ፣ እንደ ዕቃ። ያንን ስላደረገች አመሰግናታለሁ።

ስድስት ወሯ ነው፣ ክብደቷ የአንድ ጥሩ የክረምት ካፖርት ያህላል። ክንዷን በጣቴ ጫን አልኩት። ነጣ፣ ከዚያ ደሙ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ጫን። ነጣ፣ ተመለሰ። በር ሲከፈት ንፋስ ገባና የክንዷ ፀጉር፣ ያ የማይታየው፣ አንድ ላይ ተነሳ። ማን አዘዘው? እሷ ገና ስሟን አታውቅም፤ ቆዳዋ ንፋስን ያውቃል። አለቀስኩ። ሹሟ "ልጁ ጃጀ" ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እዚያ ሆና እሷም እንደምታለቅስ አውቃለሁ።

ጥር 19፣ እሑድ

ለድቡሼ ቱታ ሰፋሁ። ሰማያዊ፣ ንጹህ ጥጥ፣ ሦስቴ ታጥቦ የለሰለሰ። እንዳይሞቃት ገበር አላደረግኩም። ስፌቱን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ ቆዳዋን እንዳይፈትጋት። ከፊት አራት የብረት ቁልፍ፣ እነዚያ ሲጫኑ ቀጭ የሚሉት፣ የገበያው ምርጥ። እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። ልጄ ወደደችው። ከዚህ ሌላ አላለብሳትም አለች። በዕድሜዬ እንደዚህ የኮራሁበት ሥራ የለም።

የካቲት 24፣ እሑድ

ልጄ ጠዋት መጣች። ድቡሼን ታቅፋ። አልሰጠችኝም።

"እጅህን አሳየኝ አባዬ።"

ዘረጋሁ። ንጹህ ነው። ገልብጣ ገልብጣ አየችው። ከዚያ የልጅቷን ሆድ ገለጠች። ቀይ፣ ክብ፣ ጠርዙ ሻከር ያለ።

"ያንተን ይመስላል" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "የልብስ ማጠቢያ ዱቄቱን ቀየርኩ። ሳሙናዋን ቀየርኩ። አሁን ሌላ ምን ይቀራል... አንተ ብቻ ነህ።" ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ይዛት ሄደች።

አይጋባም ተብዬ ነበር። አምኜ ነበር። ዛሬ አላመንኩም። ቁጭ ብዬ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። በምን? በልብስ ሳሙና። ያው እኔ ነኝ።

ልጅቷን ያ ማሳከክ ከያዛት... መናገር አትችልም። ማከክ አታውቅም። እኔ ነኝ የሰጠኋት? እግዚኦ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

መሥራት አልቻልኩም። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፣ እስከ ሐሙስ የለችም። ሱቁን ዘግቼ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጄ ቤት ሄድኩ። "አልነካትም። አንዴ ልያት ብቻ" አልኳት። በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አስገባችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትናንት ተደናግጬ ያየሁት አንዱን ነበር። አራት ናቸው። ከእምብርቷ በላይ ሁለት፣ በታች ሁለት። ደግሞ በአንድ መስመር።

ሽፍታ ቀጥ ያለ መስመር ያውቃል እንዴ?

ሜትሩን አወረድኩ። ሳልነካት፣ ከሆዷ ከፍ አድርጌ ለካሁ። አምስት ሴንቲሜትር ተኩል። ቀጣዩ፣ አምስት ተኩል። ቀጣዩ፣ አምስት ተኩል። ይሄን ልክ አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ በጠመኔ ያሰመርኩት ነው።

"ቱታዋን አምጪልኝ" አልኳት። ሰማያዊው። ገለበጥኩት። የቁልፎቹ ጀርባ ብረቱ ራቁቱን ነው፣ ቀጥታ ሆዷ ላይ የሚያርፍ። ገበር አላደረግኩለትማ። ይሞቃታል ብዬ። ሱቁን፣ ቀበቶዬን፣ መነጽሬን ሁሉ ስፈትሽ የከረምኩ ሰው፣ ለእሷ የሰፋሁትን ግን አልፈተሽኩም። ስለሚያብረቀርቅ።

ሮጬ ብልቃጡን አመጣሁ። ከስሩ ትንሽ ነው የቀረችው። ጥጡን አርሼ የመጀመሪያውን ቁልፍ አሸሁ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች።

ሮዝ።

"ከእጄ ነው የያዛት" አልኳት። "ከመዳፌ ግን አይደለም። ከስፌቴ ነው።" ሁሉንም ነገርኳት። ስፒሉን፣ ቀበቶውን፣ ጀርባዬን፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን። ከዚህ በፊት በቁርጥራጭ ሰምታዋለች፤ ዛሬ ግን ሰማችኝ። ስጨርስ ጥጡን ተቀብላ አየችው። አራቱን ክብ አየች። እኔን አየችኝ።

ከዚያ ድቡሼን አንስታ ክንዴ ላይ አስቀመጠች። "ያዝልኝ አባዬ፣ ሌሎቹን ልብሶቿን ላምጣ።"

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ጠፍተዋል። አራቱም። ሁለት ሳምንት ያህል ነው የፈጀው። ለልጅ ተብሎ የታዘዘ ቅባት፣ ከዚያ ውጭ መተው ብቻ። ሐኪሟም አይታታለች። "የአያቷን ዓይነት ቆዳ ይዛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሕፃን ስለሆነች ብቻ ይሆናል። ገና ነው፣ ጊዜ ይነግረናል" አለች። ከእኔ ምን ትወስዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አፍንጫዬን እንዳትወስድ ብቻ ነበር የምለው። ይሄን ከወሰደች ግን... ይሄን ነቅቶ የሚጠብቅ፣ የማይረሳ ነገር... አዝኛለሁ፣ ደግሞም አላዘንኩም። ቢያንስ የሚያነብላት ሰው አለ።

ቱታውን ፈታሁት። ቁልፎቹን ነቅዬ ከዚያው ሰማያዊ ጨርቅ ማሰሪያ ሰፋሁለት፣ አራት ጥንድ። ቀጭ የሚል ነገር የለውም። ልጄ ደግሞ ትናንት የሰፈሩን እናት ሁሉ ይዛብኝ መጣች። አንዷ የልጇን አንገት፣ አንዷ የራሷን ጆሮ ልታሳየኝ። "አባዬ ይየው" ትላቸዋለች። ብልቃጧ አልቃለች፣ ሌላ ታዟል። ሹፌሩ "ጋሽ ወሬ" ብሎኛል። ይበል።

ዛሬ ከሰዓት ድቡሼ ሱቅ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበረች፣ ማሰሪያ የሰፋሁለትን ቱታዋን ለብሳ። ሆዷን በመዳፌ ሙሉ ነካሁት። ለስላሳ፣ ሙቅ፣ ምንም የለበትም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ገበያ ሄደች። ድቡሼ ፊቴን ስትመረምር ቆየችና ጣቷን በአፌ ጥግ ሰደደች፣ ልክ ስፒሎቹን እይዝበት በነበረው በኩል። እዚያ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም። ተውኳት፣ ትፈልግ።